ክኒኑ ካለቀ በኋላ እግር ላይ የሚወጣው ሽፍታ

በዋሽንግተን ግዛት ያለችው ቡሪየን ከሲታክ ኤርፖርት ጎን ናት፤ የኤርፖርት ሥራ ደግሞ ብዙው ቀን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚኖር ሰው ቁርጭምጭሚቱና ባቱ ላይ ሽፍታ ሲወጣበት ድካሙን ወይም ጫማውን ይጠረጥራል። ባለፈው ሳምንት የጨረሰው አንቲባዮቲክ ትዝ አይለውም። ጥፋተኛው ግን እሱ ሊሆን ይችላል።

ሽፍታውን የሚያመጣውን ችግር ሐኪሞች ቫስኩላይተስ ይሉታል፤ እዚህ ላይ የቆዳ ቀጫጭን የደም ሥሮች መቆጣት ማለት ነው። ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል። ሁለቱ ተጣብቀው በደም ሲዘዋወሩ ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ይቀመጣሉ። ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱ ይመጡና ግድግዳውንም አብረው ይጎዱታል፤ ደም ወደ ቆዳ ይፈሳል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ7 እስከ 10 ቀን። እግር የሚጠቃው የደም ግፊቱ ወደ ታች ስለሚበረታ ነው፤ ቆሞ መዋል ያባብሰዋል።

የሕክምና መጻሕፍት ምልክቱን ቀይ ይሉታል፤ የነጭ ቆዳ መግለጫ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ይመስላል፤ አንዳንዴም ከዓይን ያመልጣል። ጣት ግን አይስተውም፦ ከቆዳው ሥር ምስር የተበተነ ያህል ይጎረብጣል። ሲጫኑት ቀለሙ አይጠፋም፣ ደሙ ከሥሩ ወጥቷልና። ሐኪሙ ከሩቅ አይቶ «አለርጂ ነው» ካለ፣ በእጁ እንዲዳስሰው መጠየቅ ነውር የለውም።

ተጠርጣሪዎቹ በየቤቱ ያሉ ናቸው፦ አሞክሳሲሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል። የእንቅርት መድኃኒቱ ፕሮፒልታዮዩራሲል ከወራት፣ ከዓመታትም በኋላ ሊያመጣው ይችላል። ሰው ሳያውቅ የሚወስደውም አለ፦ የወስፋት መድኃኒቱ ሌቫሚሶል አሜሪካ ውስጥ ከኮኬይን ጋር ተቀላቅሎ ተገኝቷል፤ የጆሮን ቆዳ ያጠቁራል።

ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲኬድ ባለፉት ሳምንታት የተዋጠው ሁሉ በፌስታል ይያዝ፤ ዘመድ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣውም፣ የተጠጣው ዳማከሴም ሳይቀር። የጉሮሮ ሕመምና የጉበት ቫይረስም ይህንኑ ሽፍታ ያመጣሉ፤ ለጉሮሮ አሞክሳሲሊን የወሰደ ሰው ላይ የትኛው እንዳመጣው መለየት ቀላል አይደለም። ከቆዳው ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ከ48 ሰዓት ያልበለጠው አዲሱ ሽፍታ ይመረጣል። የሽንት ምርመራ ግን በምንም አይታለፍ፤ ኩላሊት ሲነካ ሕመም ላይሰማ ይችላልና።

ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ሽፍታው በሳምንታት ይጠፋል፤ ጥቁር ምልክቱ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። የሚጥል በሽታ ወይም የግፊት ክኒን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ከሽፍታው የባሰ አደጋ ነው። ሆድ ከቆረጠ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ደም ከያዘ፣ ሳይውል ሳያድር እዚሁ ቡሪየን ወዳለው ሴንት አን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ እዚያም አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ መብት ነው።

ከዳኑ በኋላ የመድኃኒቱን ስም ጽፎ በቦርሳ መያዝ ያስፈልጋል፤ አገር ቤት ለእረፍት ሲኬድም ለፋርማሲው ይታያል። የሚጻፈው የንግድ ስሙ ብቻ አይሁን፤ ባክትሪምም ሴፕትሪንም ያው ኮትሪሞክሳዞል ናቸው።