የአቧራማ መንገድ ሞተር ብስክሌት የአየር ማጣሪያ፦ ጽዳት፣ ቅያሪና የማይታየው ጉዳት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ሐይቅ ከተማን፣ ቀጥሎም ውጫሌን አቋርጦ ያልፋል። በተሁለደሬና በአምባሰል ወረዳዎች የግብርና ባለሙያው፣ የእንስሳት ሐኪሙና የጤና ሠራተኛው የሚሄዱባቸው ብዙ ቀበሌዎች ግን ከአስፋልቱ ተገንጥለው በሚገቡ የፒስታ መንገዶች ላይ ይገኛሉ። እንደ ያማሃ ዲቲ 125፣ ያማሃ ኤጂ 100 እና ሆንዳ ኤክስኤል 125 ያሉ ሞተር ብስክሌቶች በአገሪቱ የገጠር ጽሕፈት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ነው። የአንዱ ሞተር ያለ ጊዜው ማርጀት በመዝገብ ላይ የጥገና ወጪ ተብሎ ይሰፍራል፤ በቀበሌው ደግሞ ያልተከተበ ከብት ወይም ያልተጎበኘ ማሳ ሆኖ ይታያል።

125 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር 3000 ጊዜ አየር ይስባል። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ስበት ሙሉ በሙሉ ይሞላል ተብሎ ቢሰላ፣ በሰዓት 22.5 ሜትር ኩብ አየር ያልፍበታል፤ ይህም ጎንና ጎኑ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነን ክፍል ይሞላል። በተግባር መጠኑ ከዚህ ያንሳል። ሆኖም ከፊት የሚሄድ አይሱዙ ባስነሳው አቧራ ውስጥ ለአንድ ሰዓት የተጓዘ ሞተር ምን ያህል አፈር ሊስብ እንደሚችል ለመገመት ስሌቱ ይበቃል። በተለይ ጎጂ የሆነው ቅንጣት በዓይን የማይለየው፣ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚደርሰው ነው፤ በፋሻውና በሲሊንደሩ መካከል ባለው ስስ የዘይት ሽፋን ውስጥ ገብቶ ብረቱን ይፍቃል። በባለ አራት ምት ሞተር ፋሻውን ያለፈው አቧራ ከሞተር ዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ይዘዋወራል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ግን አየሩ ወደ ሲሊንደር ከመድረሱ በፊት በክራንክ ዘንጉ ክፍል ስለሚያልፍ፣ ከፒስተኑ በፊት ኩሽኔታዎቹ ይጎዳሉ።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ የተለመደው ማጣሪያ በዘይት የሚርስ ስፖንጅ ነው። የስፖንጁ ቀዳዳዎች ከአደገኛው ቅንጣት እጅግ የሰፉ ስለሆኑ ማጣሪያው እንደ ወንፊት አይሠራም። አየሩ በጠመዝማዛው መንገድ ሲታጠፍ ክብደት ያለው ቅንጣት አብሮት መታጠፍ ስለማይችል ከስፖንጁ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ግድግዳው በዘይት ከረጠበ ቅንጣቱ ተጣብቆ ይቀራል፤ ደረቅ ከሆነ ግን ተላቅቆ ጉዞውን ይቀጥላል። ስለዚህ ታጥቦ ዘይት ሳይቀባ የተገጠመ ንጹሕ ስፖንጅ፣ ዘይቱን ጠብቆ ከቆሸሸው የባሰ ሊሆን ይችላል።

ማጣሪያ በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ይበላሻል፤ አንዱ መደፈን፣ ሌላው ማሾለክ ነው። የተደፈነ ማጣሪያ ራሱን ያሳብቃል፦ ጉልበት ይቀንሳል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ የነዳጅ ፍጆታ ይጨምራል። የሚያሾልክ ማጣሪያ ግን ሞተሩን እንደ ልብ ስለሚያስተነፍሰው፣ ፋሻው አልቆ ጭስ እስኪታይ ድረስ ምልክት ላይሰጥ ይችላል። በከፍታ ቦታ ችግሩ ይወሳሰባል። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል ያነሰ ነው። ተራ ካርቡሬተር ይህን ልዩነት በራሱ ስለማያስተካክል ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል፤ የማጣሪያ መደፈንም ወደዚያው አቅጣጫ ይገፋል። እንግዲህ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣ አሽከርካሪ ማጣሪያውን አውጥቶ ቢጥለው፣ ብዙ አየር ስለሚገባ ሞተሩ ለጊዜው ይነቃቃል። አሽከርካሪውም መፍትሔ ያገኘ ይመስለዋል! ሜካኒክም ካርቡሬተሩን ከመፍታቱ በፊት ምንም የማያስወጣውን የማጣሪያ ምርመራ ቢያስቀድም ይሻላል።

ጽዳቱ የሚጀመረው ማጣሪያው ከመነካቱ በፊት ነው። የማጣሪያው ቤት ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ስፖንጁ እንደወጣም የአየር መግቢያው በንጹሕ ጨርቅ ይዘጋል። ስፖንጁ በመጀመሪያ በነጭ ጋዝ፣ ከዚያም በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። ቤንዚን በእሳት አደጋው ላይ ስፖንጁንና የተጣበቀበትን ማስቲሽ ሊያበላሽ ስለሚችል አይመከርም። ስፖንጅ እንደ ልብስ ከተጠመዘዘ ስለሚቀደድ በመዳፍ መካከል ተጨምቆ በጥላ ይደርቃል። ለማጣሪያ የተዘጋጀ ዘይት፣ እርሱ ከሌለ አምራቹ የሚፈቅደው የሞተር ዘይት፣ በእኩል እንዲዳረስ ይደረግና ትርፉ ይጨመቃል፤ ስፖንጁ መርጠብ እንጂ መንጠባጠብ የለበትም። በመጨረሻም ጠርዙ ላይ ግሪስ በስሱ ይቀባል። በአብዛኛው ቸል የሚባለው ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ አየር የሚቀለውን መንገድ ስለሚመርጥ በደንብ ያልተቀመጠ ጠርዝ ቀሪውን ልፋት ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የወረቀት ማጣሪያ ባላቸው ሞዴሎች ይህ አሠራር አይሠራም። ወረቀት አይታጠብም፣ ዘይትም አይነካውም፤ ቀስ ብሎ ይራገፋል ወይም በለስላሳ ግፊት ከንጹሕ ጎኑ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ከተጨማደደ፣ ከረጠበ ወይም ከተቀደደ ይቀየራል። ስፖንጅም ሲጫኑት የሚፈረፈር፣ ስፌቱ የተላቀቀ ወይም ወደ ብርሃን ሲያዙት ቀዳዳ የሚያሳይ ከሆነ ዕድሜው አብቅቷል።

የአምራቾች መመሪያ የጽዳት ጊዜን በኪሎ ሜትር ቢወስንም፣ አቧራ ባለበት ቦታ እንዲደጋገም ያሳስባል። በደቡብ ወሎ ይህ ማሳሰቢያ ከቁጥሩ ይበልጥ ይጠቅማል። በበጋ ወራት በፒስታ የተሄደ 50 ኪሎ ሜትር በአስፋልት ከተሄደ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ በልግ ከዘነበ አቧራው ጋብ ይላል፤ በክረምት ደግሞ አደጋው የማጣሪያ ቤት ውስጥ የሚገባ ውኃና ጭቃ ነው። ያለ ምክንያት ደጋግሞ መክፈትም በየጊዜው አቧራ ወደ መግቢያው የሚወድቅበትን ዕድል ይከፍታል። አስተማማኙ መለኪያ ማጣሪያው በወጣ ቁጥር ከማጣሪያው ወደ ካርቡሬተር በሚወስደው ጎማ ውስጥ ንጹሕ ጣት አስገብቶ ማየት ነው። ጣቱ ላይ አቧራ ከተገኘ ሾልኳል ማለት ስለሆነ፣ ስፖንጁ ከመታጠቡ በፊት ጠርዙ፣ የጎማው ማሰሪያና የማጣሪያው ቤት ስንጥቅ አንድ በአንድ ይመረመራሉ።