ማካሮቭ፦ በጥቂት ብረት ብዙ ሥራ

እኛ አገር ሽጉጥ ሲነሳ ቀድመው ከሚጠሩት ስሞች አንዱ ማካሮቭ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለደርግ መንግሥት የጦር መሣሪያ በገፍ ስታቀርብ ይህ ትንሽ ሽጉጥም ከታንኩና ከመድፉ ጋር መጣ፤ የመኮንን ወገብ መለያም ሆነ። ዛሬም ስሙ ሲጠራ አብሮት የሚከተል አንድ አስተያየት አለ፤ «የድሮ ብረት ነው፣ አያስቸግርም» ይባላል። አስተያየቱ እውነት አለው። ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል፤ የማካሮቭ አስተማማኝነት ከብረቱ ክብደት ይልቅ ከአሠራሩ ቀላልነት የመጣ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሶቪየት ጦር በእጁ የነበሩት ሽጉጦች ሁለት ናቸው፤ የ1895ቱ ናጋን ሽክርክሪትና የ1933ቱ ቶካሬቭ። ናጋን አርጅቷል። ቶካሬቭ ጥይቱ ብርቱና ፈጣን ቢሆንም ራሱን የቻለ መቆለፊያ አልነበረውም፤ ሲታጠቁትም ረዘም ይላል። ጦርነቱ ደግሞ መኮንን በሽጉጡ የሚተኩሰው ከስንት አንዴ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ግን ተሸክሞት እንደሚውል አሳይቷል። ስለዚህ የተፈለገው አጭር፣ ቀላል፣ ጥይት አቀባብለው ቢይዙትም የማያሰጋ፣ የመጀመሪያውን ጥይት መዶሻውን በእጅ ሳይስቡ ምላጩን ብቻ በመሳብ የሚተኩስ መሣሪያ ነበር።

ውድድሩ ተከፈተ፤ ስም ያላቸው ነዳፊዎችም ገቡ። ያሸነፈው በቱላ ይሠራ የነበረው ኒኮላይ ፊዮዶሮቪች ማካሮቭ ነው፤ ያኔ ዕድሜው ከ35 ብዙም አልራቀም። ኋላ ለድሉ ምክንያት አድርጎ ያነሳው ድካምን ነበር፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ይሠራ ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹም እጅግ አብልጦ ተኩሶ ይፈትን ነበር። መነሻው ጀርመኖች በ1929 ያወጡት ዋልተር ፒፒ ነው፤ ዝምድናቸው ከሩቁ ይታወቃል። ማካሮቭ ግን የተቀበለውን አሠራር ቀንሶና አቅልሎ የራሱ አደረገው። ሽጉጡ በ1951 የሶቪየት ጦር መደበኛ መሣሪያ ሆነ፤ በብዛት የተመረተውም በኢዠቭስክ ፋብሪካ ነው።

ቁጥሮቹ ትሑት ናቸው። ርዝመቱ 161 ሚሊሜትር፣ ባዶ ክብደቱ 730 ግራም፣ ካዝናው 8 ጥይት። እርሳሱ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ሲሆን የቶካሬቩ ከ400 ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህ የጥይቱ ልዝብነት ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ የሽጉጡ አስተማማኝነትም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ብርቱ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ግፊቱ እስኪበርድ ድረስ ከኋላ ተቆልፎ መቆየት አለበት። ቶካሬቭ ይህን የሚያደርገው አፈሙዙን ከላይኛው ተንሸራታች አካል ጋር አቆላልፎ፣ ጥቂት ወደ ኋላ አብሮት ከተጓዘ በኋላ ዝቅ ብሎ እንዲላቀቅ በማድረግ ነው። በማካሮቭ ይህ ሁሉ የለም። አፈሙዙ በታችኛው አካል ላይ በኃይል ተገፍቶ ገብቶ በፒን ተወግቷል፤ አይነቃነቅም። ጥይቱ ሲተኮስ ቀለህን በቦታው የሚያቆየው የላይኛው አካል ክብደትና አፈሙዙን የከበበው ሞላ ጥንካሬ ብቻ ነው። የሚጣመድም የሚላቀቅም ነገር ስለሌለ በዚያ በኩል የሚበላሽ ነገርም የለም። አፈሙዙ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ዒላማውን ለመያዝም ይረዳል። ዋጋው ግን አለ፤ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ የላይኛውን አካል መሳብ ጉልበት ይጠይቃል፣ ሲተኮስም ከጥይቱ አቅም አንጻር እጅን ቆንጠጥ ያደርጋል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በእጀታው ጀርባ ውስጥ የተደበቀው ባሌስትራ ነው። ይህ አንድ የታጠፈ ጠፍጣፋ ብረት በሰፊው ክንፉ መዶሻውን ይገፋል፤ በጠባቡ ክንፉ ከምላጩ የሚመጣውን ዘንግ ይመልሳል፤ ታችኛው ጫፉ ደግሞ ወደ ውጭ ታጥፎ ካዝናውን ቆንጥጦ ይይዛል። ሌላ ነዳፊ ለእነዚህ ሥራዎች ሦስት ሞላዎች፣ ሦስት መያዣዎችና የየራሳቸውን ፒኖች ያስገባ ነበር። ካዝናው ባዶ ሲሆን የላይኛውን አካል ከፍቶ የሚያቆመው ብረትም እንዲሁ ነው፤ በጭራው የተተኮሰውን ቀለህ መትቶ ወደ ውጭ ይወረውራል። ምላጩን የሚከበው ቀለበት የላይኛው አካል ወደ ኋላ ከልክ አልፎ እንዳይወጣ ያግደዋል፤ ለማጽዳት ሲፈለግ ደግሞ ወደ ታች ተስቦ ሽጉጡን ይፈታል። ለዕለታዊ ጽዳት ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልግም። በጭቃና በበረዶ ውስጥ ላለ ወታደር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚጠፋበት ትንሽ ፒን የለም።

የሥራው ጥራት እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ምሥራቅ ጀርመን በዙል ከተማ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የሠራቻቸው በጥቁር አብረቅራቂ ልስላሴያቸው በሰብሳቢዎች ዘንድ ይወደዳሉ። ቡልጋሪያ በካዛንላክ ሠርታለች፤ ቻይናም ዓይነት 59 ብላ አውጥታለች። በኢዠቭስኮቹ ላይ የመቁረጫ መሣሪያው ጭረት በዓይን የሚታይባቸው ብዙ ናቸው። ይህ ግን ለመልክ እንጂ ለሥራ አይደለም፤ ብረት ከብረት የሚነካካበት ቦታ ላይ ልኩ ትክክል ነው፤ የአፈሙዙም ውስጥ ክሮም ስለተቀባ ዝገትን ይቋቋማል።

ብረት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለማየት የምዕራብ ጀርመንን ታሪክ ማንሳት ይበቃል። አዲሱ ጦሯ በ1950ዎቹ የጦርነት ጊዜውን ዋልተር ፒ38 መልሶ ሲያመጣ ክብደት ለመቀነስ ታችኛውን አካል ከአሉሚኒየም አሠራው። ያ ለስላሳ ብረት የአፈሙዙን መቆለፊያ ምት ለዓመታት መሸከም አስቸገረው፤ በ1970ዎቹ ባለ ስድስት ጎን የአረብ ብረት ፒን ተጨምሮ እንዲጠናከር ሆነ። በሌላ በኩል የኦስትሪያው ግሎክ 17 በ1982 ከፕላስቲክ አካል ጋር ሲመጣ ብዙ ሰው ተጠራጥሮት ነበር፤ ፈተናውን ግን አለፈ። ስለዚህ «ብረት ነው» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ መጠየቅ ያለበት ግፊቱ የት ላይ እንደሚያርፍና ስንት ክፍል እንደሚሸከመው ነው።

ማካሮቭ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ማነጣጠሪያው ትንሽ ነው። ካዝናው የሚለቀቀው ከእጀታው ስር ስለሆነ ለመለወጥ ሁለቱንም እጅ ይይዛል። የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ከባድ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ መርፌው የራሱ መላሽ ሞላ የሌለው መሆኑ ነው፤ ጥይት ተቀባብሎበት መቆለፊያው ሳይዘጋ በአፈሙዙ ቢወድቅ መርፌው በራሱ ክብደት ወደ ፊት ሊሄድ ይችላል። መቆለፊያው ወደ ላይ ሲገፋ ነው የሚዘጋው፤ መዶሻውንም አብርዶ ያስቀምጠዋል። በዋልተር ተቃራኒው ነው፤ ሁለቱን የለመደ እጅ እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ።

አርባና ሃምሳ ዓመት ያለፈው ማካሮቭ ሲያስቸግር ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዋናው ብረት አይደለም። ቀድሞ የሚታየው ካዝናው ነው፤ ጥይቱን የሚይዙት ከንፈሮቹ ትንሽ ከተጣመሙ ወይም ሞላው ከላላ ጥይት በትክክል አይገባም። ቀጥሎ የአፈሙዙ ሞላ ነው፤ ሲደክም የላይኛው አካል ወደ ኋላ እየሄደ የታችኛውን ይመታል፣ ምቱም ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል። ከዚያ ጥይቱ ነው። የዚህ ሽጉጥ እርሳስ ውፍረቱ 9.27 ሚሊሜትር ስለሆነ በምዕራቡ ዓለም «9 ሚሊሜትር» የሚባለው ጥይት ለእሱ አይደለም፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ልካቸው አይገናኝም። ካዝናና ሞላ በአዲስ ይለወጣሉ፤ በደንብ የተያዘ የአረብ ብረት አካል ግን ከእነሱ ብዙ እጥፍ ይኖራል።

ሩሲያ በ2003 በያሪጊን ሽጉጥ ልትተካው ወሰነች። አዲሱ ከእጥፍ በላይ ጥይት ይይዛል፣ ጥይቱም ብርቱ ነው፤ ክብደቱ ግን ባዶውን 950 ግራም ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ታጥቀውት የሚውሉ ፖሊሶችና መኮንኖች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ማካሮቭን መያዛቸውን ቀጠሉ።