በጤፍ ውስጥ ካለው ብረት ምን ያህሉ ደም ይሆናል?

ጤፍ ብዙ ብረት አለው ሲባል የኖረ ነው፤ በላቦራቶሪ ሲመዘንም ይገኛል። ነገር ግን በእህሉ ውስጥ የተገኘው ሁሉ ወደ ሰው ደም አይገባም። ከእህልና ከጥራጥሬ ብረት ሰውነታችን የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 እጅ አይሞላም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ነፍሰ ጡሯን «ጤፍ እየበሉ ደም አያንስዎትም» ብሎ ማለፍ አይገባውም።

ታዲያ የገባው እንዴት ይለካል? ቀድሞ ሰው የበላውንና ያስወጣውን ለብዙ ቀን እየመዘኑ ልዩነቱን ያሰሉ ነበር። ሰውነት የሚያስቀረው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ግን ትንሽ የሚዛን ስሕተት ውጤቱን ሁሉ ያበላሸዋል። ዛሬ የሚመረጠው ምልክት ያለው ብረት ነው። ብረት 57 እና ብረት 58 የሚባሉት ክብደታቸው ከተራው ብረት ጥቂት የሚበልጥ፣ ጨረርም የሌላቸው ናቸው። ከነዚህ አንዱ ተመዝኖ ከምግቡ ጋር ይበላል፤ 14 ቀን ሲሞላ ጥቂት ደም ተቀድቶ ምልክቱ ይፈለጋል። ይህን ያህል ቀን የሚጠበቀው የገባው ብረት በአጥንት መቅኔ አዲስ ቀይ ደም እስኪሆን ነው። ነገሩ ጆሯቸው የተበሳ በጎችን ከመንጋ ጋር አሰማርቶ ማታ በረት የገቡትን እንደ መቁጠር ነው።

በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱን አሥሮ ይይዘዋል። እርሾ ሊጡን ሲያቦካው ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ በችኰላ ከተጋገረው ይሻላል። ከአውድማ የሚገባው ዐፈር ደግሞ ሌላ ነው። በበሬ ኮቴ የተወቃ ጤፍ ከዐፈሩ ብረት ስለሚቀላቀልበት በሚዛን ብዙ ብረት ያለው ይመስላል፤ ሰውነት ግን ከዚያ የሚጠቀመው በጣም ጥቂቱን ነው። በሸራ ላይ ቢወቃ ቁጥሩ ይቀንስ እንደ ሆነ እንጂ ምግብነቱ አይጎድልም፤ አሸዋውም ይቀራል።

ቡናስ? በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የብረቱን መግባት ከመቶ 39 ያህል እንደ ቀነሰው፣ ሻይ ደግሞ ከዚያ የባሰ መሆኑን አሳይቷል። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ጉዳቱ ያው ሆነ፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ጉዳት አልታየም። ቡናችንን ተዉ የሚል ባይኖርም ደም ያነሳት ሴት ከምግብ በፊት ብትጠጣው ይበጃታል። ከእንጀራውም ጋር ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ቢቀርብ ብረቱ በተሻለ ይገባል።