ሁለተኛው ማንኳኳት

በቱኩዊላ፣ በአንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት ይኖራሉ። መጀመሪያ በራቸውን ያንኳኳሁ ቀን ሰንሰለቱን ሳይፈቱ በክፍተቱ አዩኝና «ምን ነበር ልጄ?» አሉኝ። ስለሚመጣው ምርጫ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ባለፈውም አንድ ልጅ መጥቶ ነበር፤ እሱም እንዳንቺ ጨዋ ልጅ ነው። ስሜን ጽፎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ቢሮ ስመለስ ዝርዝሩን አወጣሁ። ልጁ የእኛው በጎ ፈቃደኛ ነበር። የእናትየዋ ስም ሳይሳሳት ተጽፏል፤ ከጎኑም «ተገኝተዋል» የሚል ምልክት አለ። በእኛ ቤት ያ ምልክት ሥራው አለቀ ማለት ነበር። በእሳቸው ቤት ግን ገና ምንም አልተጀመረም። ሰው ልናደራጅ ወጥተን ስም ብቻ ይዘን ተመልሰናል። የዚያን ቀን እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ አሠራራችንን የቀየርነውም ከዚያ በኋላ ነው።

የምሠራው ከሲያትል በስተደቡብ ባሉት ከተሞች፣ በሲታክ፣ በቱኩዊላ፣ በሬንተንና በኬንት ነው። ሥራዬ ማደራጀት ነው፤ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና የአውቶቡስ ነገር የሚያስጨንቃቸውን ሠራተኞችና ተከራዮች በየሰፈራቸው ማሰባሰብ። እዚህ አካባቢ የአንድ ሰው ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሲታክ ከተማ መራጮች ለአየር ማረፊያውና ለሆቴሎቹ ሠራተኞች ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ይሁን አይሁን ተብለው ተጠየቁ። ያኔ የዋሽንግተን ስቴት ዝቅተኛ ክፍያ 9 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነበር። በመጀመሪያው ማታ «ይሁን» የሚለው ወገን በሰፊው ይመራ ነበር። እዚህ ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ስለሆነ ቆጠራው ቀናት ይፈጃል፤ ልዩነቱ በየቀኑ እየጠበበ ሄደ። በመጨረሻ በእጅ እንደገና ተቆጥሮ 3,040 ለ2,963 ሆነ። ልዩነቱ 77 ሰው ነው። የአንድ ሐበሻ ሠርግ ታዳሚ እሩቡ እንኳ አይሆንም።

የዚያ ምርጫ ባለጉዳዮች እናንተም የምታውቋቸው ሰዎች ናቸው። ዊልቸር የሚገፉ፣ የአውሮፕላን ውስጡን የሚያጸዱ፣ ሻንጣ የሚጭኑ፣ ነዳጅ የሚሞሉ። ብዙዎቹ ሶማሌዎች፣ ኤርትራውያንና የእኛ ሰዎች ናቸው። በ2005 አላስካ አየር መንገድ ወደ 500 የሚጠጉ የማኅበር አባል የሆኑ ሻንጣ ጫኚዎቹን አሰናብቶ ሥራውን ለኮንትራት ድርጅት ከሰጠ ወዲህ ለዚያው ሥራ የሚከፈለው በጣም ወርዶ ነበር። እነዚህ ሠራተኞች የተሰባሰቡት ለምርጫው ብለው አልነበረም። ቀድሞውኑ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያንና በእረፍት ክፍል ይተዋወቁ ነበር፤ ከሠራተኛ ማኅበራት የመጡ አደራጆችም ከምርጫው በፊት አብረዋቸው ቆይተዋል።

ድሉ ከተገኘ በኋላ የሆነውን ግን ሰው ብዙም አያነሳውም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንድ ዳኛ አየር ማረፊያው በሲታክ ከተማ ሥልጣን ሥር አይደለም ብለው ወሰኑ። ሆቴል ውስጥ የሚሠራው 15 ዶላሩን ሲያገኝ፣ መንገዱን ተሻግሮ አየር ማረፊያ የሚሠራው ሳያገኝ ቀረ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉ አየር ማረፊያውንም ይመለከታል ያለው በነሐሴ 2015 ነው። በመካከሉ ካሜራም፣ መፈክርም፣ የምርጫ ቀንም የለም። ያን 20 ወር «ነገሩ የት ደረሰ?» እያለ የሚጠይቅ፣ «ተስፋ አትቁረጥ፣ ይግባኙ እየታየ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው በየሺፍቱ መኖር ነበረበት። እኔ ድርጅት የምለው ያንን ነው። በምርጫ ሰሞን በር ማንኳኳት ገንዘብ ያለው ሁሉ በደመወዝ ሰው ቀጥሮ ያደርገዋል።

የእኛ ሰው ደግሞ ስሙን ለመስጠት የሚቸገርበት የራሱ ምክንያት አለው። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ሲባል ሰምተን አድገናል። በቀበሌ ዝርዝር ላይ ስሙ ስለተገኘ ወንድሙ የተወሰደበት ሰው፣ ዛሬ ወረቀትና እስኪብርቶ ይዤ ደጁ ስቆም የሚያየው እኔን አይደለም። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ይህን ግዴለሽነት ይሉታል። አይደለም። ዋጋ ከፍሎ የተማረው ጥንቃቄ ነው፤ ላከብርለት ይገባል። «ተራማጅ» የሚለውን ቃልም በር ላይ አልጠቀምም። እኔ ራሴን የምጠራበት፣ የምወደው ቃል ነው፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ60ዎቹ አገር ቤት ወጣት የነበረ ሰው ቃሉን ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣበት ቀይ ሽብር ነው። ስለዚህ ስለ ኪራዩ እጠይቃለሁ፤ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ሌሊት ሺፍት ሲወጡ በምን ወደ ቤት እንደሚገቡ እጠይቃለሁ።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ማንኳኳት ስም አንጠይቅም። የእኛን ስምና ስልክ ሰጥተን፣ ያሉንን ሰምተን እንሄዳለን። በወሩ ውስጥ እንመለሳለን፤ ያኔ ባለፈው የነገሩንን ነገር አንስተን እንጀምራለን። ማሞቂያው አልሠራ ብሎ ከነበረ «ማሞቂያው ተጠገነ?» ነው የመጀመሪያው ቃል። ካልተጠገነ ለባለንብረቱ ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን። ብዙ ጊዜ ሰው ስሙን የሚነግረን በዚህኛው ነው፤ ሳንጠይቀው። አዲስ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ይህ አካሄድ ቀርፋፋ ነው ይሉኛል፤ በአንድ ቅዳሜ 60 በር መምታት ይፈልጋሉ። 12 በር ይበቃል እላለሁ፤ 12ቱን በሚመጣው ወር ደግማችሁ ከረገጣችሁ።

ይህን ከፈረንጅ መጽሐፍ መማር አላስፈለገኝም። እድር አለን። እድር የሚቆመው ሰው ባልሞተበት ወር ነው። መዋጮው ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይይዛል፤ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ የሚተከለው በዚያ ነው። አንድ የሰፈር አደረጃጀት ምርጫ በሌለበት የካቲት ላይ 15 ሰው ካልሰበሰበ፣ ጥቅምት ላይ 150 እንደማይሰበስብ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

የአካባቢ ፓርቲ አወቃቀሩም ለዚህ ዓይነት ሥራ የተመቸ ነው፣ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ቢሆንም። በዋሽንግተን ስቴት አንድ የምርጫ ቀጠና ከ1,500 የማይበልጥ ንቁ መራጭ ይይዛል። ለየቀጠናው ፓርቲው አንድ የቀጠና ተወካይ ይኖረዋል፤ ተወካዩ በሙሉ ቁጥር ዓመታት፣ በነሐሴው ቅድመ ምርጫ ለ2 ዓመት ይመረጣል። ደመወዝ የለውም። ከአንድ በላይ ሰው ካልቀረበ ውድድርም የለም፤ ብዙ ቦታ እንዲያውም ክፍት ነው። ግን አንድ የስቴት ሕግ አውጪ በመሃል ሲለቅ፣ ለምትኩ ሦስት ስም ለካውንቲው ምክር ቤት የሚያቀርቡት የፓርቲው የቀጠና ተወካዮች ናቸው። የራሱን ሕንፃ ጎረቤቶች በስማቸው የሚያውቅ የታክሲ ሹፌር ያን ወንበር ቢይዝ ብዬ ሁልጊዜ እመኛለሁ። በጥቂት ቀጠናዎች ተሳክቶልናል።

ወደ እናትየዋ ልመለስ። በወሩ ሄድኩ። ሰንሰለቱ ተፈታ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ቡና አፈሉልኝና ዜጋ መሆናቸውን፣ የምርጫ ወረቀቱም በየጊዜው በፖስታ እየመጣ መሳቢያ ውስጥ እንደሚያስቀምጡት ነገሩኝ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። ከሳምንት በኋላ ከካውንቲው ደብዳቤ መጣ፤ ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም የሚል። የስቴቱ ኦዲተር በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2020ው ምርጫ የጥቁር መራጮች ድምፅ ውድቅ የሆነበት መጠን ከነጮቹ 4 እጥፍ ነበር፤ ፊርማ የሚመረምሩት ሠራተኞች አድልዎ ስለማድረጋቸው ግን ማስረጃ አላገኘም። እኔ በሰፈር የማየው አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። እናትየዋ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በአማርኛ ፈርመዋል፤ ፖስታው ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ተቀመጥን። እስኪብርቶውን ይዘው ቆዩና፣ «የቱ ነው እንግዲህ የእኔ ፊርማ?» አሉኝ። ሁለቱም የእርስዎ ነው አልኳቸው፤ መዝገብ ላይ ያለው ግን የአማርኛው ስለሆነ በእሱ ይፈርሙ። ስማቸውን በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈረሙ። ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት ደረሰ፤ ድምፃቸው ተቆጠረ።

ቱኩዊላ በ2022፣ ሬንተን በ2024 የራሳቸውን ዝቅተኛ ክፍያ በሕዝብ ድምፅ ከፍ አድርገዋል። አሁን በየከተማው የተያዘው የኪራይ ጉዳይ ነው። ባለፈው ሰሞን እናትየዋ ደውለው «ነይ፣ የምሰጥሽ አለ» አሉኝ። ሄድኩ። የተማሪ ደብተር አወጡ። የሕንፃውን ሰዎች በየበሩ ቁጥር ጽፈዋቸዋል፤ 14 ስም። ከአንዳንዶቹ ጎን ማስታወሻ አለ። 206 «ሌሊት ሺፍት ነው፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ሂጂ»። 211 «እናቷ አርፋለች፣ መጀመሪያ ለቅሶ ድረሱ»። 109 «ይፈራል፤ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ»።