ባሕር ሸሽ አፈር

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ ሰው 900 ሜትር ያህል ከፍታ ይለቃል። ደብረ ታቦር ያለችው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የፎገራ ሜዳ ደግሞ 1,800 አካባቢ። ክረምት ላይ የጉና ተራራ አፈርም በርብና በጉማራ ወንዞች ተጭኖ ይህንኑ ቁልቁለት ይወርዳል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ውሃው ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከወንዙ ወጥቶ ይተኛል፣ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። በጣና ዳር ያሉት ሸሸርና ወለላ ክረምት ኩሬ፣ በጋ ማሳና ግጦሽ ሆነው የሚከርሙት እንዲህ ነው።

የሜዳው አፈር ዋልካ ነው። ሚያዝያ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ሸክላው ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስንጥቁን ራሱ ይደፍነዋል። ከዚያ ወዲያ የሚዘንበው መስረጊያ ስለሌለው ላዩ ላይ ይቆማል። በዚህ ላይ ጣና የሚሞላው መስከረም ግድም ስለሆነ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ኩሬው ቶሎ አይጎድልም።

ውሃው ሲሸሽ አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው ይዩት። ላዩ ጥቁር ነው፣ ዝቅ ሲል አመድማ ይሆናል፤ የድሮ ሥር ባለፈበት ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ አለ። ነገሩም በእርግጥ ዝገት ነው። ውሃ አየሩን ሲያስወጣ፣ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን በኦክስጅን ፋንታ በብረት ይጠቀማሉ፤ ብረቱ ይሟሟል፣ ቀለሙም ይጠፋል። በሥሩ ቀዳዳ አየር ሲገባ መልሶ ይዝጋል። አመድማው ከምን ጥልቀት እንደሚጀምር ያየ ሰው፣ ውሃው የት ድረስ ተኝቶ እንደከረመ በግምት ያውቃል።

ይኸው ብረት ለገበሬው ጥቅም አለው። ፎስፈረስን አጥብቆ ይዞ የነበረው ብረት ሲሟሟ ፎስፈረሱም ይለቀቃል። ላይ በፋርጣ ደጋ ኮምጣጣው ቀይ አፈር የሚቆልፈውን ንጥረ ነገር፣ ከታች ውሃው ይከፍተዋል። በናይትሮጅን ግን ኪሳራ ነው። ማሳው አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይበናል። ዩሪያን በአንድ ጊዜ በትኖ መገላገል እዚህ አያዋጣም፤ ከፋፍሎ መስጠት፣ ከተቻለም አፈር ውስጥ መቅበር ነው።

ታዲያ ምን ይዘራበት? በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ለሜዳው ሲያስተዋውቁ ውሃው ከጠላትነት ወደ ረዳትነት ተለወጠ። ሩዝ ከቅጠሉ ወደ ሥሩ አየር የሚያወርድ ባዶ ቧንቧ ስላለው፣ ሌላው ሰብል በሚታፈንበት ውሃ ውስጥ ይተነፍሳል። ዛሬ ፎገራ ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግራል፤ ገለባው ለከብት ነው። ሩዙ ሲነሣ፣ አንዳንዴም ሳይነሣ፣ ጓያ ይበተናል፤ ሽምብራም በቀረው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። (ጓያ ብቻውን ለወራት ከተበላ እግር ያሽመደምዳልና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉ ግድ ነው።)

አስቸጋሪው ማረሱ ነው። ዋልካ ሲርስ ማረሻ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። በሁለቱ መሐል ያሉት ቀናት ጥቂት ናቸው፤ በሬ የሌለው ሰው ተራ ሲጠብቅ ያልፉታል።

በእኔ ግምት የዚህ አፈር ልምላሜ ከውሃው ተለይቶ የሚቆም አይደለም። ለሽንኩርት ሲባል ኩሬውን በሞተር መጥጦ ማድረቅ የአንድ ዓመት ገንዘብ ያስገኛል። ነገር ግን አየር ሲገባ ለዘመናት የተጠራቀመው ብስባሽ ይቃጠላል፤ ሽምብራውን ያደርስ የነበረው እርጥበትም አብሮ ይሄዳል። በጎርፍ ጊዜ ለመራባት ወደ ሸሸር የሚወጣው አምባዛም መጠጊያ ያጣል። ከላይ ደግሞ የርብ ግድብ አለ፤ ለመስኖ ውሃ ሲያጠራቅም፣ ከጉና የሚወርደው ደለልም ብዙው ከግድቡ ኋላ ይቀራል።