ለአነስተኛ የንድፍ ሥራ ሐላል ሶፍትዌር፦ አማራጩ ምንድን ነው?



ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት አንድ ወጣት ዛሬ የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠራበት ትንሽ ወርክሾፕ አለው። አንድ ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወደ ጎን ወሰደኝና «ኡስታዝ፣ የምበላው ሐላል ነው ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ደንበኛ እንደማያጭበረብር፣ ወለድ እንደማይነካ ስለማውቅ ገረመኝ። ነገሩ ሌላ ነበር። ንድፍ የሚያወጣበት አውቶካድ አንድ ሱቅ ውስጥ ከፍላሽ የተጫነለት፣ «ክራክ» የተደረገ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቫይረስ ገብቶ የደንበኞቹን ንድፎች አበላሽቶበታል። «ማስጠንቀቂያ መሰለኝ» አለኝ።

ይህ የእሱ ብቻ ጥያቄ አይደለም። የቤት ፕላን የሚያወጡ፣ ኪችን ካቢኔት የሚሠሩ፣ ብረት የሚበይዱ ብዙ ወንድሞችና እህቶች በዚሁ ሁኔታ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ሑክሙን፣ ቀጥሎ መፍትሔውን እንይ።

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1988 (እ.ኤ.አ.) በኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ የባለቤቶቻቸው ሐቅ እንደሆኑና መጣስ እንደማይፈቀድ አስቀምጧል። እንዲህ ያለውን መብት እንደ ንብረት ያልቆጠሩ ዑለማዎችም አሉ። ይሁንና የውሉ ጉዳይ ይቀራል። ፕሮግራሙን ስንጭን «ተስማምቻለሁ» የሚለውን የምንጫነው እኛው ነን። ሱረቱል ማኢዳ ደግሞ የሚጀምረው ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። በሀገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚሰጣቸው ሥራዎች ጋር ቆጥሮታል።

እስካሁን የተገኘው ገቢስ? ሥራው ራሱ ሐላል ከሆነ የድካም ዋጋው ሐራም አይሆንም፣ ግን ያለ ፈቃድ መጠቀሙን ማቆምና ተውበት ማድረግ ግዴታ ነው የሚሉ ዑለማዎች አሉ። ስለራሱ ዝርዝር ሁኔታ የተጨነቀ ሰው የሚያውቀውን ዓሊም ይጠይቅ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ብዙዎቻችን የምናስበው «ወይ ክራክ፣ ወይ የማንችለው ዋጋ» ብለን ነው። እውነት ነው፣ ሙሉው አውቶካድ በአሜሪካ ዋጋ በዓመት ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል፤ የሚሸጠውም በየጊዜው በሚታደስ ኪራይ ነው። የውጭ ምንዛሬው ችግር ሲጨመርበት ለትንሽ ወርክሾፕ የማይሞከር ይሆናል። ነገር ግን መነሻችን የፕሮግራሙ ስም ሳይሆን የምንሥለው ነገር መሆን አለበት።

ሥራችሁ በወረቀት ላይ የሚወጣ ጠፍጣፋ ንድፍ ከሆነ፣ ማለትም የበርና መስኮት ልኬት፣ የክፍሎች አቀማመጥ፣ የብረት መቁረጫ ሥዕል፣ ሊብረካድ ይበቃችኋል። ሌየር፣ ልኬት መጻፍ፣ በስኬል ማተም፣ ሁሉም አለው። ቀላል ስለሆነ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ካቢኔት ወይም የብረት ማሽን በሦስት አቅጣጫ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ፍሪካድ አለ። በትክክል ከተሠራ ንድፍ ላይ አንዱን ልኬት ስትቀይሩ የተያያዙት ክፍሎች አብረው ይስተካከላሉ። ሁለቱም በነጻ የሚሰጡ፣ ኮዳቸውም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። ፈቃዳቸው ለንግድ መጠቀምን፣ በወርክሾፑ ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ መጫንን፣ ለጓደኛ በፍላሽ መስጠትንም ጭምር ይፈቅዳል። ስታወርዱ ግን ከየፕሮጀክቶቹ የራሳቸው ድረ ገጽ ይሁን።

ትልቁ እንቅፋት የፋይል ልውውጥ ነው። መሐንዲሶች የሚልኩት አብዛኛውን ጊዜ ዲደብሊውጂ በሚባለው የአውቶካድ ፋይል ሲሆን፣ ሊብረካድ ይህን ሁልጊዜ በደንብ አያነብም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «በዲኤክስኤፍ አስቀምጠህ ላክልኝ» በሉ። አውቶካድ ራሱ በዚህ ዓይነት ማስቀመጥ ይችላል። ካልተቻለም ኦዲኤ ፋይል ኮንቨርተር የተባለው ነጻ መሣሪያ አንዱን ወደ ሌላው ይቀይራል። ከተቀየረ በኋላ ሁለት ሦስት ልኬት ካልፈተሻችሁ ግን ብረት አትቁረጡ።

«ነጻ» የሚል ቃል ስናይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተማሪዎች አውቶካድ ነጻ ቢሆንም ለትምህርት ብቻ ነው፤ ደንበኛ ከፍሎበት የሚሠራ ንድፍ አይወጣበትም። የስኬችአፕ ነጻ ቅጂም ለግል እንጂ ለንግድ አይደለም። እዚህ ላይ ገንዘብ አለመክፈላችን ብቻውን ሐላል አያደርገውም፤ ውሉ የሚለውን ማንበብ ያሻል። ድራፍትሳይት የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ለዓመታት በነጻ ሲሰጥ ቆይቶ በ2019 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነጻው ቅጂ ተቋርጧል። በድርጅት ቸርነት ላይ የቆመ ነጻነት ሊነሳ ይችላል።

ዲደብሊውጂን በቀጥታ መክፈት ግድ ለሚሆንበት፣ እንደ ኪውካድ ፕሮፌሽናልና ዜድደብሊውካድ ያሉ በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚገዙ አሉ። ኪውካድ ርካሹ ነው። ሁለት ሦስት ባለሙያዎች ካላችሁ ሁሉም መግዛት አይጠበቅበትም፤ ከውጭ ፋይል በሚቀበለው አንድ ኮምፒውተር ላይ የተገዛውን፣ በሌሎቹ ላይ ነጻውን መጫን ይቻላል።

ሽግግሩን በአንድ ቀን አታድርጉት ብዬ አልመክርም፤ ስህተቱን ካወቅን በኋላ መዘግየት አይገባም። ግን በትንሹ ጀምሩ። ያ ወጣት መጀመሪያ ያደረገው ደጋግሞ የሚሠራቸውን የመስኮት ዓይነቶች በሊብረካድ እንደ አዲስ መሣል ነበር። የለመደው እጁ መጀመሪያ ላይ ግር ቢለውም ቀስ በቀስ ተላመደ። አሁን አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ ልኬቱን ብቻ ይቀይራል። በቅርቡ ሳገኘው ስለ ሶፍትዌሩ ብዙም አላወራኝም። «አሁን ደንበኛ ከጎኔ ተቀምጦ ስክሪኑን ሲያይ አልሸማቀቅም» ብቻ አለኝ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።