«ዕርዳታ» የተባለው ሁሉ ስጦታ አይደለም

በማርች መጨረሻና በኤፕሪል በአሜሪካ ያሉ ኮሌጆች ለተቀበሏቸው ተማሪዎች ሁለት ነገር ይልካሉ። አንደኛው «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለው ደብዳቤ ነው። ቤቱ በእልልታ ይሞላል፤ ፎቶው አዲስ አበባ ላሉት አያት ይላካል። ሁለተኛው ስለ ገንዘብ የሚናገረው ወረቀት ነው። እሱን ሲያነቡ እልል የሚል የለም። ብዙ ጊዜ የሚያነበው የ17 ዓመት ልጅ ነው። እናትና አባት አጠገቡ ተቀምጠው «ታዲያ ስንት ሰጡህ?» ብለው መልሱን ይጠብቃሉ።

ከልጅነታችሁ ጀምሮ የሐኪም ቤቱንም፣ የባንኩንም፣ የትምህርት ቤቱንም ወረቀት ለወላጆቻችሁ ስትተረጉሙ ላደጋችሁ፣ ይህ ወረቀት ከሁሉም ይከብዳል። የሚከብደው እንግሊዝኛው አይደለም። አንድ ቃል ነው የሚያሳስተው፤ እሱም «ዕርዳታ» የሚለው ነው።

ኮሌጆቹ «ፋይናንሻል ኤይድ» ይሉታል፤ እኛ «የገንዘብ ዕርዳታ» ብለን እንተረጉመዋለን። በአማርኛ ጆሮ ዕርዳታ ማለት የማይመለስ ነው። ከዚህ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይመጣል። አንዳንድ አባት «እኛ ሠርተን የምንኖር ሰዎች ነን፤ ዕርዳታ አንለምንም» ብሎ ፎርሙ ሳይሞላ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለውን ድምር አይቶ ሁሉም በነፃ የተሰጠ ይመስለዋል። ድምሩ ውስጥ ግን ብድርም አለ።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ልጅ ሁለት ኮሌጆች ተቀበሏት እንበል። የመጀመሪያው የግል ኮሌጅ ነው። የዓመቱ ወጪ፣ ከመኖሪያና ከምግብ ጋር፣ 62,000 ዶላር ነው። ወረቀቱ «የዕርዳታሽ ድምር 48,000 ዶላር» ይላል። ሁለተኛው የግዛቷ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወጪው 31,000፣ ዕርዳታው 14,500 ዶላር ነው። አባቷ ስልኩን አውጥቶ ይቀንሳል። በመጀመሪያው የሚቀረው 14,000፣ በሁለተኛው 16,500 ነው። «የግሉ ረከሰ! በዚያ ላይ ስሙም ትልቅ ነው» ይላል።

አሁን ድምሩን እንፍታው። የግሉ ኮሌጅ 48,000 እንዲህ ነው፦ ከኮሌጁ የተሰጠ 22,000፣ የፌዴራል ፔል ግራንት 3,000፣ በልጅቷ ስም የሚወሰድ ብድር 5,500፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ በወላጅ ስም የሚወሰድ «ፓረንት ፕላስ» የሚባል ብድር 15,000። የማይመለሰው 25,000 ብቻ ነው። በግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 9,000 ስጦታ ነው፤ 5,500 ብድር ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በሥራም ሆነ በብድር የሚሸፍነው እውነተኛው ዋጋ በግሉ 37,000፣ በግዛቱ 22,000 ነው። ልዩነቱ በዓመት 15,000፣ በአራት ዓመት 60,000 ዶላር ይሆናል። የረከሰው ሌላኛው ነበር ማለት ነው።

ይህ የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት (ጂኤኦ) በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ 91 በመቶ ያህሉ ኮሌጆች በሚልኩት ወረቀት ላይ እውነተኛውን ዋጋ ወይ አይጽፉም፣ ወይ አሳንሰው ይጽፋሉ ብሏል። ስለዚህ አባታችሁ ቢሳሳት አይገርምም።

ወረቀቱ ሲመጣ እስክሪብቶ ያዙ። «ግራንት» እና «ስኮላርሺፕ» የሚሉትን አክብቡ፤ እነዚህ አይመለሱም። «ሎን» የሚለው ሁሉ ብድር ነው፤ ሰርዙት። «ወርክ ስተዲ» ደግሞ መሃል ላይ ነው፤ ግቢው ውስጥ ወይም ከግቢው ውጪ በሰዓት እየተከፈላችሁ የምትሠሩበት ዕድል ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከሠራችሁ በኋላ እንደ ደመወዝ ነው እንጂ ኦገስት ላይ ክፍያ ሲጠየቅ አይደርስም።

ብድርም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በተማሪው ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚወሰደው በወላጅ ለሚደገፍ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከ5,500 ዶላር አይበልጥም። ከዚያ ውስጥ እስከ 3,500 የሚሆነው «ሰብሲዳይዝድ» ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ቢያንስ ግማሽ ጊዜ እየተማራችሁ እስካላችሁ ድረስ ወለዱን መንግሥት ይከፍላል። በ2025–26 የተማሪው ብድር ወለድ 6.39 በመቶ ነበር። የፓረንት ፕላስ ግን 8.94 በመቶ ነበር። በ15,000 ዶላር ላይ በዓመት 1,341 ዶላር ገደማ ወለድ ማለት ነው። ይህ ብድር የእናት ወይም የአባት ዕዳ ነው፤ ልጁ ተመርቆ ሥራ ቢይዝም ወደ ልጁ ስም አይዞርም። እስካሁን ወላጅ እስከ ሙሉ ወጪው ድረስ መበደር ይችል ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ብሎ ገደበው። በእኔ እምነት ገደቡም ብዙ ነው። ጡረታው የቀረበ ወላጅ ይህን ፊርማ ሲፈርም፣ ምን እየፈረመ እንደሆነ በአማርኛ ሊነገረው ይገባል። የምትነግሩትም እናንተ ናችሁ።

ወደ ኋላ ልመለስ፤ ይህ ሁሉ የሚመጣው ፋፍሳ ከተሞላ በኋላ ነው። ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥቱ ፎርም ነው፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል «ነፃ» ማለት ነው። «እኔ እሞላልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ። ፎርሙ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ገደማ ለሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ይከፈታል፤ በየዓመቱም እንደገና ይሞላል። ልጁም ወላጁም ለየራሳቸው መግቢያ አካውንት ያስፈልጋቸዋል። የልጁ ስልክና ኢሜይል ለሁለቱም አይሆንም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚደናቀፈው እዚህች ትንሽ ነገር ላይ ነው። ወላጅ የታክስ መረጃው ከአይአርኤስ በቀጥታ እንዲመጣ መፍቀድ አለበት። ካልፈቀደ ልጁ የፌዴራል ገንዘብ አያገኝም። የሚታየው የሁለት ዓመት በፊት ታክስ ነው፤ ለ2026–27 ፎርም የ2024 ታክስ ማለት ነው።

ፎርሙን መሙላት የሚችሉት ዜጎች ብቻ አይደሉም። ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ስደተኝነታቸው ወይም ጥገኝነታቸው የተፈቀደላቸውም ይችላሉ። ልጁ ዜጋ ከሆነ የወላጅ ወረቀት አለመኖሩ የልጁን መብት አይነካም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። ይህን ማድረግ የሚያሰጋው ቤተሰብ ግን አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ቢያማክር ጥሩ ነው። በዱባይ ወይም በለንደን የምትኖሩ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያላችሁም ትሞላላችሁ፤ የወላጅ ገቢ በዶላር ተሰልቶ ይጻፋል።

አሁን ስለ አስቸጋሪው ነገር። ብዙዎቻችን ቤት ወላጅ ገቢውን ለልጅ አይናገርም። ልጅም አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ፎርሙ ግን ይህን መጋረጃ ይገልጣል። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሲፈላ፣ ኮምፒዩተሩ ሳይከፈት፣ «አባዬ፣ ገቢህን ማወቅ ፈልጌ አይደለም። ፎርሙ የሚጠይቀውን አንተ ራስህ ጻፈው፤ እኔ እንግሊዝኛውን እረዳሃለሁ» ማለት ይቻላል። በእርግጥም የወላጁ ክፍል በወላጁ አካውንት የሚሞላ ነው። ልጁ ከታክስ የመጣውን የወላጁን ቁጥር በራሱ ገጽ ላይ አያየውም። ይህን ማወቅ ብቻ ብዙ አባቶችን ያረጋጋል።

ፎርሙ ገቢውን፣ የቤተሰቡን ብዛትና ንብረቱን ይዞ «ኤስኤአይ» የሚባል ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዕርዳታው ይጨምራል፤ እስከ 1,500 ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት ይገኛል። የዚህ ግራንት ትልቁ መጠን በ2025–26 7,395 ዶላር ነበር።

ፎርሙ የሚያየውና የማያየው ነገር አለ። የምትኖሩበትን ቤት ዋጋ አይቆጥርም። በባንክ ያለውን ገንዘብ በሚሞላበት ቀን ባለው መጠን ይጠይቃል፤ እቁብ የወጣበት ሳምንት ከሆነ ያም ይታያል። ገንዘቡ በማን ስም እንደሆነም ለውጥ አለው። በልጁ ስም የተቀመጠ 5,000 ዶላር ቁጥሩን በ1,000 ዶላር ሊያሳድገው ይችላል፤ በወላጅ ስም ከሆነ ግን ቢበዛ በ282 ነው። የምርቃትና የልደት ስጦታ በልጅ ስም ለሚያስቀምጡ እናቶች ይህን ንገሯቸው። ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ትንሽ እፎይ ይበሉ። ከ2026–27 ጀምሮ ሠራተኞቹ ከ100 የማይበልጡ የቤተሰብ ድርጅት ዋጋ እንደ ንብረት አይቆጠርም። ከድርጅቱ የሚገኘው ገቢ ግን ይቆጠራል።

ፎርሙ ከሁሉም በላይ የማያየው ወደ አገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ ነው። በየወሩ ለአያት መድኃኒት፣ ለአጎት ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ዶላር የትም አይገባም። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው፣ ብዙ የግል ኮሌጆች ተጨማሪ የሚጠይቁት ፎርም፣ ልዩ ሁኔታን በራሳችሁ ቃል የምታስረዱበት ቦታ አለው። እሱ በክፍያ ነው፤ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ የአሜሪካ ቤተሰቦች ግን በነፃ ነው።

ግዛቶችም የራሳቸው ገንዘብ አላቸው፤ ቀኑ ግን ቀድሞ ያልፋል። ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ እንደ ልማዱ በማርች መጀመሪያ ይዘጋሉ። ሚኒሶታ ከ2024 ጀምሮ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች በግዛቱ የሕዝብ ኮሌጆች የትምህርቱን ክፍያ በሌላ ግራንት ያልተሸፈነውን ይሸፍናል። ጆርጂያ በሎተሪ ገንዘብ የሚከፈል «ሆፕ» የሚባል ስኮላርሺፕ አላት፤ መነሻው ገቢ ሳይሆን 3.0 ውጤት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ በሌላ ግዛት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የዋጋውን ልዩነት የሚደግፍ «ዲሲታግ» አለላቸው።

«ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» ሲባል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ዘመዶች አሉ። በሰሜን ቨርጂኒያ ግን ሁለት ዓመት ኖቫ ተምሮ፣ «አድቫንስ» በሚባለው ፕሮግራም ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሚሻገር ተማሪ በመጨረሻ የሚይዘው ዲግሪ የጆርጅ ሜሰን ነው።

በተቃራኒውም በትልቅ ዋጋ መደንገጥ አያስፈልግም። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር የማይበልጥ ቤተሰቦች ልጆችን ከመኖሪያና ከምግብ ጭምር በነፃ ያስተምራል፤ እስከ 200,000 ለሆነ ደግሞ የትምህርቱን ክፍያ ያነሣል። መግባቱ ነው የሚከብደው። በኬንተኪ ያለው በሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው ግን ግቢው ውስጥ ይሠራል። ሁሉም ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ ለእናንተ ቤተሰብ የሚገመተውን ዋጋ የሚያሰላ መሣሪያ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። ከማመልከታችሁ በፊት ሞክሩት።

ወረቀቱ መጥቶ ቁጥሩ ካልሆነስ? ይግባኝ አለ። አባት ከዚያ ታክስ በኋላ ሥራ ካጣ፣ እናት ታማ የሕክምና ዕዳ ካለ፣ ወላጆች ከተለያዩ፣ የኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ቁጥሩን እንደገና ለማየት ሥልጣን አለው። ደብዳቤው አጭር ይሁን። ምን እንደተለወጠ፣ መቼ፣ በስንት ዶላር የሚለውን ጻፉ፤ ማስረጃውን አያይዙ። ወደ አገር ቤት የሚላከውንም በሐዋላ ደረሰኝ አስደግፎ መጥቀስ ይቻላል፤ መቀበል አለመቀበሉ የቢሮው ውሳኔ ነው። ሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ከሰጠ ያንንም ወረቀት አያይዙት። ከውጭ ስኮላርሺፕ ካገኛችሁ ደግሞ «ይህ ስመጣ የሰጣችሁኝን ግራንት ትቀንሳላችሁ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚቀንሱ አሉ። ሜሪላንድ በ2017 የሕዝብ ኮሌጆቿን ከዚህ የሚከለክል ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ግዛት ናት።

ብዙ ኮሌጆች መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ይግባኙ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ወረቀቱ በደረሰ ሳምንት ላኩት። መልሱ ከሜይ 1 በፊት ካልመጣ፣ ቢሮው ጋር ደውላችሁ ቀኑ እንዲራዘም ጠይቁ፤ የተስማሙበትንም በኢሜይል እንዲጽፉላችሁ አድርጉ።